አንድ መቶ ሜትር በ17 ሰከንድ፣ ሳያቋርጡ 422 ጊዜ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ማራቶን ሯጮች ከደረሱን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን ለሰባቱ መልስ ሰጥተናል። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ሳያቸው ሶምሶማ የሚሮጡ ነው የሚመስሉኝ፤ ፊታቸው እንኳ አይለወጥም። እውነት ያን ያህል ፈጣኖች ናቸው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቴሌቪዥን ያታልላል። ካሜራ የጫነው ሞተር ብስክሌት ከሯጮቹ እኩል ስለሚሄድ ፍጥነታቸው አይታወቅም። አጠገባቸው ያሉትም እንደነሱው ፈጣኖች በመሆናቸው ማወዳደሪያ ይጠፋል። ፍጥነቱ የሚገለጠው ካሜራው ቆሞ እነሱ ሲያልፉ፣ ወይም ከመንገድ ዳር አንድ ጎረምሳ አብሯቸው ልሩጥ ብሎ ሲነሳ ነው። ብዙም ሳይርቅ ወገቡን ይዞ ይቀራል።

ሒሳቡ እነሆ። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም በ2023 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:00:35 ጨረሰ። ለርቀቱ ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ተኩል፣ ለ100 ሜትር 17 ሰከንድ ከምናምን፣ በሰዓት ደግሞ 21 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በርካታ የጂም መሮጫ ማሽኖች እስከ መጨረሻው ቢከፈቱ እንኳ እዚህ አይደርሱም።

በእግርዎ መለካት ከፈለጉ 400 ሜትር የሚዞር ትራክ ይፈልጉ። 15 ደቂቃ በሶምሶማ ያሟሙቁ፣ እግርዎን ያፍታቱ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያቁሙ። ከዚያ አንዱን ዙር በ69 ሰከንድ ለመጨረስ ይሞክሩ። የመጀመሪያውን 100 ሜትር በ17 ሰከንድ ማለፍ አለብዎ። አብዛኛው ሰው ግን በጉጉት በ15 ይበርና 300 ሜትር ላይ እግሩ ይተሳሰራል። ቢሳካልዎ ደግሞ ኪፕተም ያንን ዙር 105 ጊዜ ተኩል እንደደጋገመው ያስቡ። ለሴቶች ልኬቱ 75 ሰከንድ ነው፤ ትዕግስት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ በ2:11:53 ስትገባ በዚህ ፍጥነት ነበር የሮጠችው።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ፍጥነቱ ሳይሆን አለመውረዱ ነው። ኪፕተም የመጀመሪያውን አጋማሽ በ1:00:48፣ ሁለተኛውን በ59:47 ነው የሮጠው። ሌላው ሰው በሚንገዳገድበት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው መንገድ 5 ኪሎ ሜትሩን በ13:51 ጨርሷል። ትዕግስትም በርሊን ላይ ሁለተኛውን አጋማሽ ከመጀመሪያው 47 ሰከንድ አፍጥናለች።

ፊታቸው የማይለወጠው ደግሞ ስላልደከሙ አይደለም። መንጋጋ ሲነከስ፣ ትከሻ ሲነሳ፣ ጡጫ ሲጨበጥ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ፊትን ማላላት እንደ እግር አጣጣል ሁሉ በልምምድ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሲመራ የቆየ ሯጭ ባንዴ እንደ መብራት ድርግም የሚለው ለምንድን ነው? (የአትሌቲክስ ተከታታይ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባንዴ ይመስላል እንጂ ሲጠራቀም የቆየ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ስንቅ ማለቅ ነው።

ሰውነት ግላይኮጅን የሚባል ስኳር ያከማቻል፤ ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ፣ ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም አካባቢ። ተደምሮ ወደ 2000 ካሎሪ ይሆናል። ወጪውን ለመገመት ደግሞ አንድ ኪሎ ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አንድ ካሎሪ ይበላል ብሎ መነሳት ይቻላል። 56 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ማራቶኑን ለመጨረስ 2360 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከስንቁ ይበልጣል።

ስብ የለም ወይ? አለ፤ ከሲታው ሯጭ እንኳ ለብዙ ቀን የሚበቃ ስብ አለው። ችግሩ ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ መሆኑ ነው፤ ለተመሳሳይ ጉልበትም ከስኳር የበለጠ ኦክስጅን ይጠይቃል። በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ትርፍ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ ስኳሩ ሲያልቅና ሰውነት ወደ ስብ ሲዞር ፍጥነቱ በግድ ይወርዳል። የጡንቻው ስኳር ሲያልቅ እግር ይከብዳል። የጉበቱ ሲያልቅ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርድና ጭንቅላት ይዞራል፣ ዓይን ይደበዝዛል።

ስንቁን ቶሎ የሚያስጨርሰው የአጀማመር ስህተት ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ለረጅም ጊዜ ሊይዘው የሚችል የፍጥነት ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በታች ሲሮጥ ደም ውስጥ የሚገባው ላክቴት (ጡንቻ ስኳር ሲያነድ የሚፈጠር ነገር) እና የሚወገደው ይመጣጠናሉ። በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ ብቻ ካለፈው ግን ላክቴቱ መከማቸት፣ ስኳሩም በጥድፊያ መንደድ ይጀምራል። 12 ኪሎ ሜትር ላይ ተፎካካሪን ለመፈተን የተደረገች አንዲት ማምለጥ 34ኛው ላይ ዕዳዋን ታስከፍላለች።

ሌሎችም አሉ። አስፋልቱ በየእርምጃው ጭኑን ይቀጠቅጣል፤ ቁልቁለት የበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሙቀትም አለ። ሰውነት ከሚያነደው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ቀኑ ሲሞቅ ደም ከእግር ወደ ቆዳ ይሻማል። ለዚህ ነው ምርጥ ሰዓቶች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ጠዋት የሚመዘገቡት።

በሚቀጥለው ውድድር 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መሪዎቹን በደንብ ይመልከቱ። ሊቀር የተቃረበው አስቀድሞ ይታወቃል። ክርኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በማዞሪያ ላይ አጭሩን መስመር ትቶ ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ውሃውን ከመጠጣት ይልቅ አናቱ ላይ ማፍሰስ ከጀመረና ወደ ኋላ ካየ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቋል።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፣ 70 ኪሎ እመዝናለሁ፣ የመጀመሪያ ማራቶኔን ልሮጥ ነው። ታላላቆቹ በየጠርሙሱ የሚጠጡት ምንድን ነው? እኔስ እንደነሱ ብጠጣ? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ነው። በትላልቅ ውድድሮች በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ሯጩ የራሱን ጠርሙሶች ቀድሞ ያስረክባል፤ ከሩቅ እንዲለየው ባለ ቀለም ፕላስተር ወይም ጥብጣብ ያስርበታል። በሴኮንድ ወደ 6 ሜትር ገደማ እየሮጠ ነው ከጠረጴዛው የሚያነሳው፤ እጁ ከሳተው ተመልሶ መውሰድ የለም፣ ሌላ 14 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና 20 ግራም ስኳር ቢኖር በሰዓት 80 ግራም ገደማ ይደርሳል። አንጀት ግሉኮስን ብቻውን ሲሰጡት በሰዓት ከ60 ግራም በላይ ማሳለፍ ያቅተዋል። ፍሩክቶስ ግን በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እስከ 90 ግራም ድረስ ይቻላል።

ለእርስዎ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ይበቃል። ቤት ውስጥም ይዘጋጃል። ለግማሽ ሊትር ውሃ 30 ግራም ስኳር፣ ማለትም ለጥ ያለ 7 የሻይ ማንኪያ፣ እና በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው ይጨምሩ። ተራው ስኳር ራሱ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። «ስኳሩ ቢበዛ ጉልበት ይሰጠኛል» ብለው እጥፍ አያድርጉት። የወፈረ መጠጥ ውሃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ሆድም እንደ እግር ይለማመዳል፤ ከውድድሩ ስድስት ሳምንት በፊት ጀምረው በየረጅም ሩጫዎ ይሞክሩት። በውድድሩ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመስ ነገር አይኑር፣ በነጻ የሚታደል ጄልም ቢሆን።

ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ለእርስዎ ክብደት በቀን ከ560 እስከ 700 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ብዙ ነው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ሩዝ 45 ግራም ብቻ ይሰጣል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ ማርና ጭማቂ ያግዛሉ። እንጀራና ሽሮ ምንም የማይወጣላቸው ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን አሰር ስለሚበዛቸው በመጨረሻው ቀን ይቀንሱዋቸው፣ አለበለዚያ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ይሆናል። ቁርስ ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት ይበሉ። በሶ የለመደ ሰው ቀጠን አድርጎ በማር ቢጠጣው ጥሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አራትና አምስት ሰዓት በሚፈጅ ሩጫ ላይ ትልቁ አደጋ የውሃ ማነስ ብቻ አይደለም። በየጠረጴዛው ቆሞ ሁለት ሁለት ኩባያ ውሃ የሚጨልጥ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም ራስን መሳት ይመጣል። ሲጠማዎ ይጠጡ፣ ካልጠማዎ ይለፉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው ነው ሯጭ የሚያደርገው ከተባለ እኛ ሁላችን ለምን ኃይሌ አልሆንም? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ከፍታ በር ይከፍታል እንጂ አያስገባም። አየሩ ሲሳሳ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊት ይህን ሲያውቅ ኢፒኦ የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኔም ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ያመርታል። ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ የሳሳውን አየር ከልጅነቱ ለምዶታል፤ ከቆላ የሚመጣ ሯጭ ግን ሦስትና አራት ሳምንት መቆየት ይኖርበታል። ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ደራርቱ ቱሉ የወጡባት በቆጂም ከፍ ያለች ከተማ ናት። ልዩነቱ በቆጂ ላይ ልጆች በየጠዋቱ በቡድን መሮጣቸው፣ የሚያያቸው አሰልጣኝ መኖሩ፣ ከዚያች ከተማ ወጥቶ ያሸነፈ ሰው በዓይናቸው ማየታቸው ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ችግርም አለ። አየሩ በሳሳበት ቦታ እግር እንደ ውድድሩ መፍጠን አይችልም፤ ሁልጊዜ እዚያው የሚለማመድ ሯጭ ደም እያለው እግሩ ይዘገያል። የአዲስ አበባ የማራቶን ቡድኖች ቦታ የሚቀያይሩት ለዚህ ነው። ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ ጫካ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፣ ሰንዳፋ አስፋልቱ ላይ በውድድር ፍጥነት ይለማመዳሉ፣ ዝቅና ሞቅ ወዳለው አቃቂም ይወርዳሉ። ጫካ፣ ኮሮኮንች፣ አስፋልት፤ ሦስቱም ለየራሳቸው ዓላማ አላቸው።

የሳምንቱ ርቀት ከ160 እስከ 220 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከባዱ ልምምድ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ አንድ የፍጥነት፣ አንድ ለረጅም ጊዜ የሚያዝ የጽናት፣ አንድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ረጅም ሩጫ። የቀረው ቀላል ነው፤ እውነተኛ ቀላል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባሕር ዛፍ መሃል በአንድ ረድፍ ተሰልፈው እየተጠማዘዙ ሲሮጡ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ዱካ እየረገጠ፣ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሩን ከ5 ደቂቃ በላይ ይወስዱበታል። በውድድር ቀን ኪሎ ሜትሩን በ2:55 የሚሮጥ ሰው ማለት ነው። ወጣት ሯጮች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ቀላሉን ቀን ያፈጥኑታል፣ ስለዚህ በከባዱ ቀን መፍጠን ያቅታቸዋል፤ ከወር በኋላ ቋንጃቸውን ወይም ተረከዛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

ለእርስዎ ለወጣቱ አንድ ነገር እንጨምር። ያለ ብረት ማዕድን ደም አይመረትም። ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ ይብሉ፤ ሻይና ቡናውን ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ፤ ብረቱ እንዳይገባ ያግዳሉና። ድካም ካልለቀቀዎ በጤና ጣቢያ ደምዎን ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ትዕግስት አሰፋ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች ይባላል። ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር እንዴት ይዘለላል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነት ነው። በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነው፤ ምርጥ ሰዓቷም 1:59.24 ነበር። ይህ ለ100 ሜትር 15 ሰከንድ ያህል ማለት ነው። የማራቶን ፍጥነቷ 18.75 ሰከንድ በመሆኑ በመካከሉ ሰፊ ትርፍ አላት። ሌላዋ ሯጭ የምትታገልበት ፍጥነት ለእሷ እግር የተለመደ ነው። የጎደላት ጽናቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዓመታት ልምምድ ይገነባል፤ የተፈጥሮ ፍጥነትን ግን በኋላ መጨመር ይከብዳል።

ሆኖም በአንድ ጀንበር አልሆነም። በ2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:34:01 ነው የጨረሰችው። በዚያው ዓመት በርሊን 2:15:37፣ በዓመቱ 2:11:53። ይህ ሰዓት አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ወርቅ ካገኘበት 2:12:11 ይፈጥናል። ከ59 ዓመት በኋላ፣ በ18 ሰከንድ።

ጥያቄ፦ አበበ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ? ታዲያ ይህ ሁሉ የጫማ ወሬ ለምን? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 በኛ አቆጣጠር፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በ2:15:16 ሲገባ ባዶ እግሩን የነበረው የተገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግሩ መሮጡንም ለምዶት ነበር። ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በተሠራ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ጫማ አድርጎ የራሱን ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። የዚያን ጊዜ ጫማ ግን እግር ከመጠበቅ አልፎ ብዙ አይሠራም ነበር።

ያሁኑ ይሠራል። ከ2017 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት ጫማዎች ወፍራም፣ በጣም ቀላልና ነጣሪ ስፖንጅ፣ በውስጡም ጠንካራ የካርቦን ሳህን አላቸው። ስፖንጁ ሲረገጥ ከተጨመቀበት ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል፤ ባትና ቁርጭምጭሚት ስለሚያርፉም ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሩ ብዙም አይጎዳም። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር በ2020 ለጎዳና ውድድር የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር፣ ሳህኑንም በአንድ ወስኗል። ትዕግስት በርሊን ላይ ያደረገችው አዲዳስ 138 ግራም ብቻ ነበር፤ አንድ ብርቱካን ያህል። የ1960ዎቹን ሰዓት ካሁኑ ጋር ስናወዳድር ይህን መቀነስ አለብን ባዮች ነን፤ ስንት እንደሚቀነስ ግን ለሁሉም ሯጭ እኩል አይደለም። ለልምምድ ደግሞ በየቀኑ አያድርጉት። ቶሎ ይሞታል፣ ዋጋውም አይቀመስም፣ ባትንም ያሰንፋል።

ጥያቄ፦ ለምን በርሊንና ቺካጎ? አዲስ አበባ ላይ የማራቶን ክብረ ወሰን አይሰበርም? ደግሞስ አሯሯጭ ይዞ መሮጥ ማጭበርበር አይደለም? (ጓደኛሞች፣ ከዱባይ)

መልስ፦ አዲስ አበባ ላይ አይሰበርም። ለልምምድ የሚጠቅመው የሳሳ አየር ለውድድር ጠላት ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው ሜክሲኮ ከተማ ወርቁን የወሰደው በ2:20:26 ነው፤ አበበ ቶኪዮ ላይ ከሮጠው 8 ደቂቃ ይዘገያል። በርሊንና ቺካጎ ዝቅ ያሉ፣ ሜዳማ፣ በመኸር ቀዝቃዛ ናቸው። ሜዳማ ይሁኑ እንጂ ቁልቁል መሆን ግን አይፈቀድም። መድረሻው ከመነሻው በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ካለ፣ ወይም ሁለቱ በቀጥታ መስመር ከርቀቱ ግማሽ በላይ ከተራራቁ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይቆጠርም። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ የሮጠው 2:03:02 በዚህ ምክንያት ሳይጸድቅ ቀርቷል።

አሯሯጭ ግን ሕጋዊ ነው፤ ከመነሻው አብሮ እስከተነሳ ድረስ። ሥራው ሁለት ነው፤ ነፋስ መከለልና ፍጥነቱን እንደ ሰዓት አስተካክሎ መያዝ። አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይወጣል። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ በ1:59:40 ሲገባ ያልጸደቀለት 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ መሃል መንገድ ላይ ስለሚገቡ፣ ውሃም በብስክሌት ስለሚቀበል ነበር፤ ውድድሩም ለሌሎች ክፍት አልነበረም።

በነገራችን ላይ አሯሯጭ የመውጣት ግዴታ የለበትም፤ በተወዳዳሪነት ከተመዘገበ መጨረስም ማሸነፍም ይችላል። በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ አሜሪካዊው ፖል ፒልኪንግተን ለማሯሯጥ ተቀጥሮ ሲመራ፣ የኋለኞቹ «ይህ መውጣቱ አይቀርም» ብለው ተዉት። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሮጦ አሸነፈ። ሁለተኛ የገባው ሯጭ አንደኛ የወጣ መስሎት ነበር።